ጉልቻና ጡብ

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ገዳሪፍ ውስጥ በተከራየሁት ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ አለፍ ብሎ፣ አንዲት የጥብስ ምድጃ አሠራሁ። 150 ቀይ ጡብ፣ ሦስት ግድግዳ፣ በወገብ ከፍታ የተዘረጋ የብረት ፍርግርግ፣ ከሥሩ የፍም መደብ፤ ሌላ ምንም የላትም። የጡቡ፣ የአሸዋውና የግንበኛው ሒሳብ ተደምሮ በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር ሰው እንኳ የሚያስጨንቅ አልነበረም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ጡቡ ከአህያ ጋሪው ላይ ሲራገፍ እናቴ ከደጃፉ ቆማ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣ «አንተ ልጅ፣ ልንቀር ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ሥጋ መጥበሻ እኮ ነው እማዬ» ብዬ አለፍሁት። እሷም አልደገመችውም። ይሁን እንጂ ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ እንዳልነበረ እኔም አውቃለሁ፤ ከገላባት እስከ ዶካ፣ ከገዳሪፍ እስከ ሸዋክ የሚኖር የዚህ ዓምድ አንባቢም ያውቃል። እመለሳለሁ እያለ በሰው አገር የሚኖር ሰው፣ ሲነሣ ይዞት የማይሄደውን ነገር መሥራት ይገባዋልን? ቢሠራ አገሩን ረሳ ይባላልን? ባይሠራስ የሚኖርበትን ስፍራና ጎረቤቱን አልበደለም ማለት ይቻላልን?

እናቴ በ1977 ዓ.ም.፣ በዚያ በድርቁ ዓመት፣ የሦስት ዓመት ልጅ የነበርኩትን እኔን አዝላ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስትገባ የያዘችው ዕቃ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከደረሰች በኋላ መጀመሪያ ያበጀችው ነገር ሦስት ድንጋይ ነው። ሱዳኖቹ ለዳያት ይሉታል፤ እኛ ጉልቻ እንለዋለን። አማርኛ ለእነዚህ ሦስት ድንጋዮች የሰጠው ክብር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያገባ ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ይባላል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ስንል ደግሞ የምንናገረው ስለ ወጥ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሹም ሽርም፣ ስለ ትዳርም ነው። ትዳርን የመሰለ ጽኑ ነገር ቋንቋችን የሰየመው ሁለት እጅና አንድ አፍታ ካለ በሚነሣ ነገር መሆኑ ግን እንዲያው የሆነ አይመስለኝም። ነገሥታታችን ብዙውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ ያሳለፉ፣ የአዲስ አበባ አሮጌ መንደሮችም ስማቸውን ከመኳንንቱ የጦር ሰፈር የወረሱ ናቸው። (በዐረብኛ «ሰፈር» ማለት ጉዞ ነው። አንድ ዓይነት ድምፅ ለአንዱ ማረፊያ፣ ለሌላው መንገድ ሆኖ ሲያገለግል ተርጓሚ የሆነ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) ጉልቻ የሚነሣ ቤት ምልክት ነው። እናቴ በገዳሪፍ ቤት በለወጠች ቁጥር ድንጋዮቿን ይዛ ለውጣለች፤ ቆርቆሮና አልጋ ጥላ ታውቃለች፣ ሦስቱን ድንጋዮች ግን ጥላ አታውቅም።

ጡብ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ጊዜ ከተደረደረ አይነሣም፤ ቢፈርስ እንጂ። ሆኖም ቃሉ ራሱ ከማንኛችንም የበለጠ ስደተኛ ነው። ከጥንታዊ ግብፃውያን ቋንቋ ወደ ቅብጥ፣ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ በአንድ በኩል ወደ እኛ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በአንዳሉስ አድርጎ ወደ እስፓንያ ተሻግሮ «አዶቤ» ሆኗል። በደረሰበት አገር ሁሉ ግድግዳ ሆኖ ቀርቷል።

ከገዳሪፍ ብዙም ሳይርቅ ኡም ራኩባ የሚባለው የስደተኞች መጠለያ አለ። ስሙን ብንተረጉመው «ባለ ዳሷ» ማለት ነው፤ ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ በባላና በሣር የሚሠራ፣ ለጥላ ያህል የሚቆም ዳስ ነውና። በ1977 ዓ.ም. በረሀብና በጦርነት የተሰደዱ ወገኖቻችን የተጠለሉት፣ ቤተ እስራኤሎችም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዳቸውን መንገድ የጠበቁት እዚያ ነው። ሲጠብቁ በበሽታ ያለቁት ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ በዚያ ምድር የተሠራላቸው ቋሚ ነገር መቃብር ብቻ ሆነ። መጠለያው ተዘግቶ ኖሮ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ እንደገና ተከፈተ፤ በሐምዳዪትና በሉግዲ በኩል የመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። ዳስ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ የሚቆም ነገር ነው። በዳስ ውስጥ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አግብቶ ሲወልድ ግን ነገሩ ምን ይባላል?

ለዚህ ሁኔታ የምንጠቀምበት አንድ ቃል አለ፦ «ለጊዜው»። አጥሩ ለምን አይጠገንም? ለጊዜው ነው። የዝናቡ ውኃ ከቤታችን እየወጣ የጎረቤትን ደጅ ሲያጥለቀልቅ ቦይ ለምን አይቆፈርም? ለጊዜው ነው። እኔ ራሴ ሎሚ ለመትከል አስቤ፣ ሎሚ ፍሬ እስኪሰጥ የሚፈጀውን ዓመት አስልቼ የተውሁት ሁለት ጊዜ ነው። ያኔ ተክዬው ቢሆን ዛሬ ሎሚ አልገዛም ነበር። የምቀመጥበትን የኒም ጥላ የተከለው ከእኔ በፊት በግቢው የነበረ ተከራይ ነው አሉ። ስሙን አላውቀውም፤ «ለጊዜው» ያላለ ሰው እንደነበር ግን አውቃለሁ። «ለጊዜው» ትሕትና ይመስላል፤ የእንግዳ ጨዋነት ይመስላል። ሲውል ሲያድር ግን ከማንኛውም ግዴታ ማምለጫ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ ነኝ ያለ ሰው ለስፍራው ምንም ዕዳ የለበትምና።

ይህን ስል እናቴን መውቀሴ እንዳይመስል። እሷ በጡብ አለመሥራቷ ስንፍና አልነበረም፤ የገባችውን ቃል መጠበቅ ነበር። ወላጆቿን «እመለሳለሁ» ብላ ነው የተለየቻቸው። ሌላው ሰው ሲሠራና ሲለምድ እሷ አለመልመዷ ለቃሏ የከፈለችው ዋጋ ነው። እንደ እሷ ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ እኔ ዛሬ አማርኛ መጻፌንም እጠራጠራለሁ። ደግሞም በጡብ ዋጋ ለጎንደር ዘመድ መድኃኒት ሊገዛ ይችላል። ይህን ክርክር ባለቤቴ አንሥታብኝ ነበር፤ በቂ መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። ሰው የደስታውን ገንዘብ ሁሉ ለችግር ይስጥ ከተባለ ግን ችግር በማያልቅበት አገር ደስታ የሚባል ነገር ፈጽሞ አይኖርም፤ ልጆቻችንም ስደትን ሳቅ የተከለከለበት ቤት አድርገው ይወርሱታል።

ይህ ክርክር የቆየ ነው። ወደ ባቢሎን የተማረኩት እስራኤላውያን ሁለት ዓይነት ቃል ሰምተው ነበር። ሐናንያ ምርኮኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ አለ፤ ሕዝብ የሚወደው ይህን ዓይነቱን ነው። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት መሆኑን ነግሮ፣ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉና ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ጻፈላቸው። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ያው ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በጠላት ተከብባ ሳለ በትውልድ መንደሩ በዓናቶት መሬት ገዝቷል፤ ብሩን መዝኖ፣ ውሉን በምስክር ፊት አስፈርሞ፣ በሸክላ ዕቃ አስቀምጦ። ለተሰደዱት በዚያ ሥሩ ያለው ሰው ራሱ እዚህ መሬት ይገዛል። ሁለቱ ታማኝነቶች በአንድ ሰው ልብ ሊኖሩ አይችሉም የሚል ሰው ካለ ከኤርምያስ ጋር ይነጋገር።

ወደ ምድጃዋ ልመለስ። ቃሉ የውጭ ነው፤ «ባርቤኪው» ከካሪቢያን ደሴቶች የታይኖ ሕዝብ ቋንቋ በእስፓኞች አማካይነት የተሰራጨ ሲሆን፣ መነሻ ትርጉሙ በባላዎች ላይ የተረበረበ የእንጨት ቆጥ ነበር። ሥጋ ይደርቅበታል፣ ሰውም ይተኛበታል። የራኩባ የአክስት ልጅ እንበለው። በጡብ መሠራቱ በኋላ የመጣ የባለ ግቢዎች ፈሊጥ ነው። ግንበኛዬም ይህን ሳያነብ ገብቶት ነበር መሰል፣ «ኡስታዝ፣ ለሥጋ ድንጋይና ፍም ይበቃው የለም?» አለኝ። እውነቱን ነው። የምሥራቅ ሱዳን ቤጃዎች ሰላት የሚሉትን ጥብስ የሚሠሩት መሬት ላይ በፍም በጋለ ድንጋይ ሲሆን፣ ከእሱ የሚጣፍጥ ሥጋ እኔ በልቼ አላውቅም። ለመጣፈጥ ብዬ አይደለም ያሠራሁት። ዕቃ ስናወጣና ስናስገባ የኖርነው ሰዎች በግቢያችን አንድ የማይነሣ ነገር እንዲኖር ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ ቦታ የመረጥሁት በደቡብ አጥር ጥግ ነበር። ግንበኛው ሲባጎውን ሊወጥር ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና ብሎ፣ «ያ መስኮት የማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የጎረቤታችን የአንድ አረጋዊ መስኮት ነው፤ አስም አለባቸው። በእኛ አካባቢ በበጋ ነፋሱ ከሰሜን ይነፍሳል፣ በክረምት ከደቡብ ምዕራብ ይዞርና ዝናቡን ይዞ ይመጣል። ከጥቅምት እስከ የካቲት የማነደው እሳት ጭሱ ቀጥታ ወደ ሰውየው መኝታ ነበር የሚገባው። አፈርኩ። ለስንት ዓመት የአገራችንን ሕግ ወደ ዐረብኛ ስተረጉም የኖርሁ ሰው ነኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ሀብት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና በሚያልፍ ጭስ፣ ጥላሸት፣ ሽታና ድምፅ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። የማሊኪ መዝሀብ የሕግ ሊቃውንትም ስለ እቶንና ስለ መታጠቢያ ቤት ጭስ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ተከራክረውበታል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ መስኮቱን ግን ያየው ግንበኛው ነው። ምድጃዋን ወደ ኒሙ አቅርበን፣ በበጋ ጭሷ መጀመሪያ የእኔን ክፍል እንዲያገኝ አድርገን ተከልናት። ጉልቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር፤ ነፋስ ሲዞር ድንጋዩን ማዞር ነው። የማይነሣ ነገር የሚሠራ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ማሰብ አለበት። ጎረቤትም ዓመቱን ሙሉ ጎረቤት ነው።

ከዚያ መሠረቱ ነበር። የገዳሪፍ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ማሽላውንና ሰሊጡን የሚያበቅለው ይኸው አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሸማቀቅና እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራ ግንብ ከሥሩ ካልተጠነቀቁለት አብሮ ይሰነጠቃል። ግንበኛው ጥቁሩን አፈር ጉልበት ድረስ አውጥተን ጠጠርና አሸዋ እንድንሞላ፣ ፍሙ በሚነካው በኩል ደግሞ ሲሚንቶ እሳት ስለማይችል በጭቃ እንድንደረድር ነገረኝ። ጭቃውን ተቀበልሁ። ጥልቀቱን ግን በግማሽ አስቀነስሁት። ጠጠሩ ተወዶ ነበር። «ለጊዜው ይበቃል» አልሁ። አዎን፣ ያንኑ ቃል።

ስለ ማገዶም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቀይ ጡብ በሱዳን በወንዝ ዳር ከደለል ተሠርቶ በእንጨት የሚተኮስ ነው፤ 150 ጡብ ማለት የተቆረጠ ዛፍ ማለት ነው። በላዩ የሚነድደው ከሰል ደግሞ በአብዛኛው ጣልህ ከሚሉት ግራር የሚወጣ ነው፤ ያው ጣልህ የሱዳን ሴቶች ለዱኻን የሚታጠኑት ነው። ማገዶ የከተማን ዕድል እንኳ ይወስናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም በአዲስ አበባ ዙሪያ ደኑ ሲያልቅ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እኛ በሰው አገር ደን ስናነድድ «ለጊዜው» የምንለው ግን ዛፉ የሚያድገው ለእኛ ስላልሆነ ይሆንን? ሦስት ጉልቻ የሚነሣ ስለሆነ ንጹሕ ይመስለናል እንጂ እሳቱ በሦስት ጎን ክፍት ነው፤ ሙቀቱ ይባክናል። በአገራችን በ1980ዎቹ ማብቂያ የወጣው ከሲሚንቶና ከገላጣ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የእኔዋ የጥብስ ምድጃ እንደዚያ ቁጠባ አታውቅም፤ በሦስት ግድግዳ መከለሏ ብቻ ከነፋስ ታድናታለች። ስለዚህ በወር ከአንድ ቀን በላይ ሥጋ እንዳይጠበስባት በቤት ተስማማን። ስምምነቱ ያልጸናው ሥጋ አምሮን አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። ምድጃዋ ገና የሦስት ወር ነበረች። ያን ጊዜ አንዳንድ ወገኖቻችን ለብዙ ዓመት የጠበቁትን ጉዞ በአንድ ሌሊት ጠቅልለው በገላባት ተመለሱ፤ ሱዳናውያን ስደተኞችም በዚያው በር ወደ መተማ ገብተው በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ። የእኛ መንገድ በተቃራኒው ሲሄዱበት ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ወድ መደኒ ስትወድቅ ደግሞ ገዳሪፍ በሰው ተጥለቀለቀች። ባለ ግቢያችን የወንድማቸውን ልጅ፣ ከአሮጊት እናቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር አምጥተው አንዷን ክፍል እንድንለቅላቸው ለመኑን። ለቀቅን። ሴትዮዋ መምህርት ናት። የቤቷ ግድግዳ ጡብ፣ ወለሉ ሰሌዳ ድንጋይ፣ የኋላ ግቢዋ ሙሉ ሎሚ እንደነበር ነገረችን። የቤቷ ቁልፍ በአንገቷ ነበር።

ጋዝ እንደ ልብ አልተገኘም። ለአሥር ሰው በሦስት ጉልቻ ማብሰል አልሆነምና በፍርግርጉ ላይ ሁለት ድስት ጎን ለጎን መጣድ ተጀመረ። ለጥብስ የተሠራችው ምድጃ የፉልና የሽሮ ሆነች። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ። ሥጋ የሚሸት ነገር ከግቢያችን ጠፋ። ፀሐይ ስትጠልቅ እነሱ ሊያፈጥሩ፣ እኛ የጾም ወጣችንን ልንበላ አንድ እሳት ዙሪያ እንቀመጥ ነበር። እናቴ ያን ጊዜ ድረስ ምድጃዋን በእጇ ነክታት አታውቅም፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን የመምህርቷ እናት ታመው ስለነበር ሾርባቸውን ራሷ ጣደች።

አንድ ምሽት መምህርቷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ኡስታዝ፣ ኻልቲን ጠይቅልኝ። መጀመሪያ ስትመጡ ምን ያህል እንቆያለን ብላችሁ ነበር?» አለችኝ።

ሥራዬ መተርጎም ነው። በፍርድ ቤት፣ በሐኪም ቤት፣ በመመዝገቢያ ጠረጴዛ ላይ ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ተርጉሜያለሁ። ያን ምሽት ግን ያልሰማሁ መስዬ ፍሙን ማራገብ ያዝሁ። ለማን አዝኜ እንደሆነ አላውቅም፤ ለእናቴ ይሁን ወይስ ቁልፍ በአንገቷ ላንጠለጠለችው ሴት። ሁለቱን ለመጠበቅ ብዬ ሁለቱን ናቅኋቸው። ከአርባ ዓመት በኋላ እናቴ ዐረብኛ እንደማትሰማ መቁጠሬም ሌላው ንቀት ነበር። እሷ ጥያቄው ገብቷት ኖሮ ራሷ በዐረብኛ መለሰች፦ «ክረምት እስኪገባ።»

ማንም አልተናገረም። ትንሹ ልጅ ብቻ ዳቦ ጠየቀ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ መምህርቷ ጠዋት ጠዋት ልጆቿንና የሰፈሩን ልጆች በኒሙ ሥር ሰብስባ ማስተማር ያዘች። እስከዚያ ድረስ ስለ ትምህርታቸው ሲነሣ «መደኒ ስንመለስ» ነበር የምትለው። የእናቴ ቃል ነው ያንቀሳቀሳት አልልም፤ ሰው በብዙ ምክንያት ይንቀሳቀሳል። ሁለት ፊደል በአንድ ሰሌዳ ላይ ስታስጽፍ፣ የእኔም ልጅ ከእነሱ መሐል ነበረች።

በክረምቱ ዋልካው አበጠ። የግራው ግድግዳ ከኋለኛው ተለያይቶ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣው፤ ስንጥቁ የጀመረው ልክ ጠጠሩን ባስቀነስሁበት በኩል ነው። በጭቃ ደፈንሁት፤ በበጋ ተመልሶ ተከፈተ። ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. መደኒ በሠራዊቱ እጅ ተመለሰች፤ በግንቦት መምህርቷ ቤተሰቧን ይዛ ሄደች። ቤቷ ጣሪያና በር እንደሌለው፣ ሎሚዎቹ ግን በሕይወት እንዳሉ ላከችብን። ባለ ግቢው ምድጃዋ የማን ናት ብለው በቀልድ ጠይቀውኝ ነበር። ብንነሣ ከግቢው ጋር እንደምትቀር፣ ዋጋም እንደማልጠይቅባት ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ካላፈረሳት አዲስ ተከራይ ላይ ኪራይ እንደማይጨምሩባት ቃል ሰጥተውኛል።

ቀጥሎ በሚመጣው በጋ የግራውን ግድግዳ አፍርሼ መሠረቱን እንደገና ላስቆፍር ነው፤ በዚህ ጊዜ ጉልበት ድረስ። ግንበኛው ጠጠሩን አስቀድሜ እንዳስመጣ ነግሮኛል። እናቴ ሦስቱን ድንጋዮቿን አሁንም ከክፍሏ ደጃፍ አኑራቸዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን የምታፈላው በእነሱ ላይ ነው። አንሺያቸው አላልኋትም።